ቀልዱ ከተረቱ ሲቀድም

«ሽሬክ» የተሰኘው የካርቱን ፊልም (እ.ኤ.አ. 2001) የሚጀምረው በመጽሐፍ ነው፤ ግንብ ላይ ስለታሰረች ልዕልት የሚተርክ፣ ያጌጠ መጽሐፍ። አንባቢው ጭራቅ ጥቂት ካነበበ በኋላ ይስቅና ገጹን ቦጭቆ ሽንት ቤት ይጠቀምበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ግድም የዚያች የተቀደደች ገጽ ማብራሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ድርሰት ከሌላ ድርሰት ፈትል መሸመኑን ጁሊያ ክሪስቴቫ በ1960ዎቹ «ኢንተርቴክስቱዋሊቲ» ብላ ሰየመችው። ፈትሉን ሳይደብቁ፣ እንዲያውም እያሾፉ ማሳየቱን ደግሞ ምሁራን የድኅረ ዘመናዊነት ምልክት ያደርጉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ልዕልት ፊዮና ከወፍ ጋር እየተቀባበለች ትዘፍናለች። ድምጿን ከፍ ስታደርግ ወፏ ፈንድታ ትሞታለች፤ ልዕልቲቱም የሟቿን እንቁላሎች ለቁርስ ትጠብሳለች! ይህ የዲዝኒ «ስኖው ዋይት» (1937) ከወፎች ጋር ስትዘፍን ላየ ሰው የተሠራ ቀልድ ነው። የጌታ ፋርኳድ ከተማም፣ ከነመግቢያዋና ከነዘማሪ አሻንጉሊቶቿ፣ የዲዝኒን መዝናኛ ስፍራ ቁርጥ ናት። የድሪምወርክስ መሥራች ከሆኑት አንዱ ጄፍሪ ካትዘንበርግ በ1994 ዲዝኒን ለቆ የወጣ ሰው መሆኑን ለሚያውቅማ ሳቁ ሌላ ቅመም አለው።

መቼም «ሰምና ወርቅ ነዋ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይመስላል፤ ግን አይደለም። የቅኔው ወርቅ ኅብረ ቃሉ ውስጥ ነው የተቀበረው። የሽሬክ ወርቅ የተቀመጠው ሌላ ፊልም ውስጥ ነው፤ ያንን ያላየ ሰሙን ይዞ ይቀራል።

ሰሙን ብቻ የያዘች የሰባት ዓመት የእህት ልጅ አለችኝ። በወፏ ሞት እንደማንም ስቃለች፤ ወፍ ስትፈነዳ ማን ልጅ አይስቅም? በኋላ «ስኖው ዋይት»ን ከፈትኩላት። ዘፈኑ ሲመጣ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የምትፈነዳው?»

«አትፈነዳም።»

«ረሱት ማለት ነው!» አለች፣ አዝናላቸው።

ለእሷ ዋናው «ሽሬክ» ነው፤ የ1937ቱ አንድ ነገር የጎደለው ቅጂ። ወግ በማፍረስ ለመሳቅ አስቀድሞ ወጉን ማወቅ ይጠይቃል። ወጉን ለማያውቅ ሰው ግን ማፍረሱ ራሱ ወግ ይሆናል፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። የእኛዎቹን ተረቶች እንኳን የሚያሾፍባቸው፣ አጥርቶ የሚነግራቸውም እየጠፋ ነውና።

ፊልሙን ግን አላማውም። ገጽ ቀዶ የጀመረ፣ የሚያበቃው እንደ ተረቶቹ ሁሉ በሠርግ ነው፤ ነገር ግን ልዕልቲቱ ጭራቅ ሆና ትቀራለች። ይህች ለውጥ ቀላል አይደለችም።

ሰሞኑን ለልጅቱ አያ ጅቦንና እመት ጦጢትን፣ ሳላሾፍ፣ እንደ ጥንቱ እተርትላት ጀመር። አያ ጅቦ እንደ ልማዱ ተታሎ፣ ተዋርዶ ሲመለስ አቋረጠችኝ።

«ጅቡ ራሱ ቢያወራውስ?»

አያ ጅቦ ሲተርት ሰምቼ ስለማላውቅ፣ እሷው እንድትቀጥል ለቀቅሁላት።