ቤትና ሙያ በአንድ ሰው ኑሮ

ሰው በሙያው ሲከብር ስሙ በአደባባይ ይሰማል፤ በቤቱ እንዴት እንደ ኖረ ግን አጥብቀው የሚያውቁት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ባነበብን ቍጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብብናል፤ ይኸውም «ይህ ሁሉ ሥራ የተሠራው በማን ጊዜ ነው?» የሚል ነው። የስዊድናዊውን የፊልም አዘጋጅ የኢንግማር በርግማንን ሥራዎች በተመለከትን ጊዜ ደግሞ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይበረታብናል።

በርግማን በኡፕሳላ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1918 ተወለደ። አባቱ የሉተራውያን ቄስ ሲሆን፥ ቤታቸው ቅጣት የበዛበት፥ በባልና በሚስት መካከልም ሰላም የጐደለበት ነበረ። ልጅየው ካረጀ በኋላ የወላጆቹን ጋብቻ ታሪክ ለፊልም ጽፎ፥ ቢሌ ኦገስት የተባለው ዴንማርካዊ አዘጋጅ በ1992 ለሕዝብ አሳይቶታል። የጐደለ ቤት ያየ ልጅ የሞላ ቤት ይሠራል ብለን ተስፋ እናደርግ ይሆናል፤ የበርግማን ኑሮ ግን እንዲህ አልሆነም።

አምስት ጊዜ አገባ። በ1943 ዳንሰኛዋን ኤልሰ ፊሸርን፥ በ1945 ኤለን ሉንድስትረምን፥ በ1951 ጋዜጠኛዋን ጉን ግሩትን፥ በ1959 በፒያኖ የታወቀችውን ኬቢ ላሬቴይን፥ በመጨረሻም በ1971 ኢንግሪድ ፎን ሮሰንን አገባ። ከተዋናይቱ ከሊቭ ኡልማን ደግሞ ሳይጋቡ በ1966 ሊን የምትባል ልጅ ወለደ። የልጆቹም ቍጥር በጠቅላላው ዘጠኝ ነው።

በ1951 የስዊድን የፊልም ኩባንያዎች በመዝናኛ ቀረጥ ምክንያት ሥራ ባቆሙ ጊዜ፥ የብዙ ቤተሰብ ቀለብ የተጫነበት ይህ ሰው ብሪስ ለተባለ ሳሙና ዘጠኝ አጫጭር የማስታወቂያ ፊልሞች ሠርቶ ነበር። ቀለብ መቍረጥስ ይቻላል፤ አባትነትን ግን በየወሩ እየቈረጡ መላክ አይቻልም። በማልሞ ከተማ ቴያትር ቤት በሠራባቸው ዓመታት የብርዱን ወራት በመድረክ፥ የሙቀቱን ወራት በፊልም ያሳልፍ ነበርና፥ ለልጆቹ የሚተርፈው ወር የትኛው እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ነገር ግን የበርግማንን ታሪክ ከሌሎች የሚለየው፥ በደሉን የማያውቅ ሰው አለመሆኑ ነው። በ1978 የወጣውን «የመጸው ሶናታ» የተባለውን ፊልም እንመልከት። በፒያኖ የገነነች አንዲት እናት ከሰባት ዓመት በኋላ ልጅዋን ልትጠይቅ ትመጣለች፤ ልጅቱም በሕፃንነትዋ የደረሰባትን ብቸኝነት ሁሉ በአንዲት ሌሊት ትነግራታለች። እንግዲህ በፊልሙ የልጅቱን ቦታ ይዛ የምትናገረው ሊቭ ኡልማን ናት፤ በሕፃንነትዋ የምትታየው የገዛ ልጁ ሊን ናት፤ የምንሰማውንም ፒያኖ የመታችው የፈታት ሚስቱ ኬቢ ላሬቴይ ናት። ሰውዬው ትቶት የሄደውን ቤት በካሜራ ፊት እንደ ገና ሰበሰበው ማለት ነው።

እኛን እጅግ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። ከቤት የራቀው አባት ሆኖ ሳለ፥ በፊልሙ የተከሰሰችው እናት ናት። ይህም የአንድ ሰው ነገር ብቻ አይመስለንም። አባት ስለ ሥራው ከቤቱ ቢርቅ ትጉህ ይባላል፤ እናት ብትርቅ ግን ጨካኝ ትባላለች። የሕፃኑ ብቸኝነት ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

በዚያው ዓመት በርግማን ስድሳ ዓመት ሲሞላው፥ ልጆቹ እርሱ በሚኖርባት በፎሮ ደሴት ተሰበሰቡ። የመጨረሻው ትዳሩም ኢንግሪድ በካንሰር በሽታ እስከ ሞተችበት እስከ 1995 ድረስ ጸና። ልጃቸው ማሪያ በ1959 ብትወለድም አባቷ እርሱ መሆኑን ያወቀችው ካደገች በኋላ ነው፤ ሆኖም ሦስቱ በእናቲቱ ሕመም ጊዜ የጻፉት የዕለት ማስታወሻ በ2004 በአንድ መጽሐፍ ታተመ። ሊንም አባቷ በ2007 ሊሞት በተቃረበበት ወራት የተነጋገሩትን በቴፕ ቀድታ፥ በ2015 ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ አስገብታዋለች። እንግዲህ ልጆቹ አልጣሉትም፤ ይህ ግን የእነርሱ ቸርነት እንጂ የእርሱ ዋጋ አይደለም።

እኛ በሞተ ሰው ላይ ለመፍረድ አልተቀመጥንም። ፊልሞቹ ለዓለም ሀብት ናቸው፤ ስለ ጋብቻ ያስተማሩንም ብዙ ነው። ሆኖም ተመልካች በሲኒማ ቤት በር የሚከፍለው የራሱን ዋጋ ብቻ ነው፤ የቀረውን የከፈሉት በቤት የሚጠብቁት ናቸው። ሙያ የያዘ ሁሉ፥ ጸሐፊም ቢሆን መምህር ወይም ሹም፥ ስለ ሥራው ሲመሰገን ምስጋናውን ከማን ጋር መካፈል እንዳለበት ቢያስብ መልካም ነው። ይልቁንም የሚካፈሉት ሰዎች ገና በቤት ሳሉ ቢያስብ ይሻላል።