ኮራል ጎረቤቱን በምን ያውቃል?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላል የሀገራችን ሰው። እውነት ነው፤ እሳት የሚጫረው ከጎረቤት ነው፤ ቡና የሚጠራውም፣ ሌሊት ሲታመሙ ቀድሞ የሚደርሰውም ጎረቤት ነው። ካልተስማሙ ደግሞ፣ አቅም ለፈቀደለት፣ ቤት ይቀየራል። ግን ቤት መቀየር ጨርሶ የማይችል ፍጡርስ? አንዴ ከተቀመጠበት ዕድሜ ልኩን የማይነቃነቅ፣ ጎረቤቱም እንደሱ የማይነቃነቅ? እንዲህ ዓይነቱ ፍጡር ኮራል ነው።

ባለፈው ለሳይንስ ዘገባ ርዕስ ምረጡ ስንባል «ስለ ኮራል እጽፋለሁ» አልኩ። አንዱ የክፍላችን ልጅ «ቁራሌው ነው?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ሥራው ሲጀመር ግን ሳቁ ቀረ። ከሳይንሱ ይልቅ ያስቸገረኝ የቃል ምርጫ ነበር። እስቲ ከሳይንሱ ልጀምር።

ኮራል ድንጋይም ተክልም ሳይሆን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባለው አንዱ አካል ከረጢት የመሰለ ሆድ፣ አንድ አፍ፣ በአፉም ዙሪያ የተደረደሩ ተናዳፊ ክንዶች አሉት። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ እየሠራ እዚያው ይቀመጣል። ከአንድ እጭ የተገኘው ፖሊፕ እየተከፈለ ይባዛና በሥጋ የተያያዙ ብዙ ፖሊፖች ያሉበት ኮሎኒ ይሆናል። ኮሎኒዎች በዘመናት ብዛት የሚቆልሉት ድንጋይ ደግሞ ሪፍ ይባላል። የምጽዋ ጥንታዊ ቤቶች በኮራል ድንጋይ የተሠሩ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሪፍ ላይ ቦታ ውድ ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ምግብ የሚሠሩለት በፀሐይ ነውና ሁሉም ብርሃን ያለበትን ይሻል። እያደጉ ሲሄዱ መነካካት አይቀርም። ታዲያ ዓይን የለው፣ አንጎል የለው፣ የነካው ማን እንደሆነ በምን ያውቃል?

በሥጋው ነው የሚያውቀው። ሕዋስ ከሕዋስ ሲነካካ ገጽ ላይ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት ይነበባል። አንድን ኮሎኒ ለሁለት ሰብረን ስብራቱን መልሰን ብናገናኘው ሥጋው ይጋጠማል። ከሌላ ኮሎኒ የመጣ ቁራጭ ብናስጠጋበት ግን፣ ዝርያቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይዋሃዱም። ወይ በመካከላቸው ድንበር ይበጃል፤ ወይ ጠርዙ ላይ ያለው ሥጋ ይሞታል፤ ወይ አንዱ በሌላው ላይ ያድግበታል።

ዝርያው ሲለያይ ነገሩ ይከርራል። ጁዲት ላንግ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 ባሳተሟቸው የጃማይካ ጥናቶች አንዳንድ ኮራሎች ከሆዳቸው የምግብ መፍጫ ክር አውጥተው ጎረቤታቸው ላይ እንደሚያሳርፉ አሳዩ። የጎረቤቱ ሥጋ እዚያው ውጭ ይፈጭና ነጭ አጽም ብቻ ይቀራል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ስኮሊሚያ ከሚባሉት ኮራሎች እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ የነበሩ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን አጠቃ። ላንግ ከዚህ ተነሥተው ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አስረዱ። የተማረ ዓይን ያልለየውን ኮራሉ በመንካት ለየው ማለት ነው።

የተጠቃውም ዝም አይልም። ጄራርድ ዌሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ፓስፊክ ኮራሎች ባሳተሙት ጥናት ፖሲሎፖራ የተባለው ኮራል መጀመሪያ በፓቮና ክሮች ይጎዳል፤ ሰንበት ብሎ ግን በተጎዳው በኩል ከወትሮው እጅግ የረዘሙ ተናዳፊ ክንዶች ያበቅልና ፓቮናን መልሶ ይጎዳል። ይህ ሁሉ በነጻ አይገኝም። ለማደግና ለመራባት ሊውል የሚችል ጉልበት ለድንበር ይውላል።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። «የባሕር ውስጥ ጦርነት» ብል ርዕሱ እንዴት ይመቻል! ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬም «ለምን ወገንና ባዕድ አትለውም? አንባቢ ቶሎ ይገባዋል» አለችኝ። ምክሯ መሠረት አለው፤ በጤና ጽሑፎች ላይ «ባዕድ አካል» ሲባል እንሰማለን። ቶሎ እንደሚገባውም አልጠራጠርም፤ ችግሩም ይኸው ነው። «ወገን» እና «ባዕድ» በሀገራችን ምን ያህል ሸክም እንዳለባቸው፣ ስንቱ ሰው በነዚህ ቃላት ከኖረበት ቀዬ እንደተነሣ የምናውቅ ነን። ቃሉን ለኮራል ባውሰው፣ ነገ አንዱ ተነሥቶ «ይኸው፣ ባሕር ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ተፈጥሮ ነው» ቢል ምስክር ያቆምኩለት እኔ ነኝ።

ደግሞም ምስክሩ የሚለው ሌላ ነው። በቀይ ባሕር የሚኖረውን ስታይሎፎራ የተባለ ኮራል ያጠኑ የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ መለየት ከዕድሜ ጋር እንደሚመጣ አሳይተዋል። ከሁለት ወር በታች ያሉ ሁለት የተለያዩ ሕፃናት ሲነካኩ ተዋህደው አንድ አካል ይሆናሉ። ከሁለት እስከ አራት ወር ያሉት ተዋህደው ኋላ ይለያያሉ። አራት ወር ካለፋቸው በኋላ ግን አይዋሃዱም።

መቼም ይህን ያነበበ ሰው «አያችሁ፣ ሕፃናት ሰው አይለዩም» ብሎ በስብከት ለመጨረስ ይቃጣዋል። እኔንም ቃጥቶኝ ነበር። ግን ይሄም ያው ኮራሉን ለራስ ጉዳይ ምስክር መጥራት ነው። ሕፃኑ የሚዋሃደው የመለየት አቅሙ ገና ስላልበሰለ ነው፤ ፍቅርም ጥላቻም የለበትም። ሰው ግን ጎረቤቱን በኬሚካል አያነብም። የሰማውን፣ የተነገረውን፣ ያነበበውን ይዞ ነው ደጁን የሚያንኳኳው ወይም የሚዘጋው። ከሚነገረውና ከሚነበበው የተወሰነውን ነገ የምንጽፈው ደግሞ እኛ ነን።

ኮራልን በራሱ ልክ ለሚያይ ሰው ጥቅሙም ይገለጥለታል። ፍሎሪዳ ውስጥ ሞት በተባለው የባሕር ምርምር ተቋም ባለሙያዎች አንዱን ኮራል ጥፍር በሚያካክሉ ቁርጥራጮች ይከፍሉትና በሞተ ኮራል አጽም ላይ አራርቀው ይተክሉታል። ቁርጥራጮቹ የአንድ ኮሎኒ አካል ስለነበሩ እያደጉ ሲገናኙ ይጋጠማሉ፤ አጽሙም ከአንድ ትንሽ ፖሊፕ ቢነሣ ከሚፈጀው ጊዜ ባጠረ ጊዜ ሥጋ ይለብሳል። ሥራው የቆመው ሥጋ የራሱን ቁራጭ በማወቁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዚያው የፍሎሪዳ ባሕር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ግን ድንበሩን ያሸነፈውም የተሸነፈውም ኮራል ነጣ። በ2024 ደግሞ በታሪክ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱ ይፋ ሆነ። «ጠላት» የሚለውን ቃል ለጎረቤቱ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ለሙቀቱ ምን ልሰጠው ነበር?

በመጨረሻ ዘገባዬ ላይ «ራሱ» እና «ሌላ» ብዬ ጻፍኩ። ርዕሱም ውስጥ ጦርነት የለም። ጓደኛዬ «ደርቋል» ትላለች። ይድረቅ። ውድ አንባብያን፣ እኛ በቃል ለማደር የተዘጋጀን ሰዎች ነን፤ ቃል ስናውስ ለማን እንዳዋስን፣ ተመልሶ ሲመጣም ምን ይዞ እንደሚመጣ ማሰብ የሥራችን ግማሽ ይመስለኛል። ቸር ያሰማን።