የቡና አበባ

በጅማ አገር በጋው ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ዝናም ሲወርድ፥ ከስምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ ቡናው ሁሉ በአንድነት ያብባል። በጌራ ጫካ ማንም ሳይተክለው የበቀለው እንኳ ነጭ ለብሶ ይታያል፤ ሽታውም መንገደኛውን ያቆማል። አበባው ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቈይም።

በዚያ ሰሞን ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጫካው ዳር እወጣለሁ። ንቦቹ በአበባው ላይ ናቸው። በወንዙ ዳር ቢጫው ወፍ ሣር እየሰነጠቀ ጎጆ ይሠራል፤ ሠሪው ወንዱ ነው፥ ሴቲቱም መርምራ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። በሾላው ራስ ላይ ምንቃራቸው ትልቅ የሆነ ጥቁርና ነጭ ወፎች ፍሬ እየለቀሙ ይጮኻሉ፤ ሲበሩም ክንፋቸው እንደ ወናፍ ይሰማል።

ልጆቹ ወደ ቡናው አበባ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። እኔ በልጅነቴ በአጋሮ አጠገብ ከአንዲት ባልቴት ቡና ያማረ ቅርንጫፍ ሰብሬ ነበርና፤ ለመምህሬ ላቀርበው አስቤ ነው። ባልቴቲቱም አዩኝ፥ ነገር ግን አልተቈጡም። «ልጄ፥ ይህ አበባ ሁሉ ፍሬ ይሆን ነበር። አሁን ከተሰበረ ወዲያ ግን ውሰደው» አሉኝ። ሌሊት በኩራዝ ብርሃን አበቦቹን ቈጠርኋቸው፤ ከመቶ በላይ ነበሩ።

በኅዳር፥ በለቀማ ጊዜ፥ ሳልጠራ ሄጄ ቅርጫታቸውን ያዝሁላቸው። ቀዩን ፍሬ እየለቀምን ወደዚያው ተክል በደረስን ጊዜ፥ እርሳቸው የተሰበረውን ስፍራ በመዳፋቸው ሸፍነው ከሌላው ወገን መልቀም ጀመሩ።