የቲማቲም ዋጋ በደብተር ላይ

መብራት ሄዶ መጥቷል፤ የአስራ አንደኛ ክፍሉ ተማሪ ግን ያው ጥያቄ ላይ ነው። ገዢዎች የሚፈልጉት ቲማቲም 100 ሲቀነስ የዋጋው እጥፍ፣ ሻጮች የሚያቀርቡት ደግሞ 10 ሲደመር ዋጋው፣ ሁሉም በኪሎ። ገበያው በስንት ብር ይረጋል?

ጉሊት የምትውለውን እናቱን ጠየቃት። «እማዬ፣ ኪሎውን በ20 ብር ብትሉትስ?»

«ውይ ልጄ! ሰዉ ይሻማበታል፤ የት ይበቃል?»

«በ40ስ?»

«እላያችን ላይ ይበሰብሳላ!»

ልክ ናት። በ20 ብር 60 ኪሎ ይፈለጋል፣ የሚቀርበው 30 ብቻ ነው፤ በ40 ብር ደግሞ 50 ቀርቦ 20 ብቻ ይሸጣል። ልጁ ሁለቱን እኩል አደረገ፣ ዋጋውን ወደ አንድ ወገን ሰበሰበ፣ 90ን ለ3 አካፈለ። 30 ብር፣ 40 ኪሎ።

ተማሪን የሚያስበረግገው ብዙ ጊዜ ምልክቱ ነው። አል ኽዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የአልጀብራ መጽሐፉን ሲጽፍ ኤክስ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሁሉንም በቃላት፣ ውርስና ንግድ እያነሳ ነው ያስረዳው። የእኩል ምልክትን እንኳ ዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1557 ነው።

ግራፉ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የሂሳብ መምህሩ ምክንያቱን በአግድም፣ ውጤቱን በቁም መሣል አስለምደውታል። ኢኮኖሚክስ ግን ዋጋን በቁሙ መስመር ላይ ያስቀምጣል፤ አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ የተስፋፋ ልማድ ነው። ይህን አስቀድመው የሚናገሩ መምህር የስንቱን ተማሪ ላጲስ ያተርፋሉ!