ስለ አንዲት ሰማያዊ ባትሪ

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ወዳጆቼ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ስደተኛው ፖለቲካ መጻፌን ስለለመዳችሁ፣ ዛሬ ስለ አንዲት የእጅ ባትሪ ለመጻፍ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ባትሪ ያልኳት ሌላ ስም ስላጣሁላት ነው። ቅርጿም መጠኗም ድሮ አባቶቻችን ከትራስ ሥር ከሚያኖሯት ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ ብዙ አይርቅም፤ መዳፍ ሞልታ የምትያዝ ጥቁር የብረት ዘንግ ናት። የምታወጣው ብርሃን ግን መንገድ የሚመራ ብርሃን አይደለም።

ባለፈው ወር በአንድ የቅዳሜ ምሽት ሜሪላንድ፣ እኅቴ ቤት እራት ተጋብዤ ነበር። ቡናው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ የእኅቴ ልጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ና አንድ ነገር ላሳይህ» አለኝ። 17 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ በመወለዱ አንቱታን አያውቅባትም፣ እኔም አልቀየመውም። ምድር ቤት ይዞኝ ወረደና፣ በትምህርት ዕረፍቱ ወቅት ሠርቶ ካጠራቀመው ገንዘብ 200 ዶላር ገደማ ከፍሎ በኢንተርኔት ያስመጣትን ዘንግ ከሳጥኗ አወጣ። በጎኗ ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተለጥፏል፤ 445 ናኖ ሜትር፣ 1 ዋት፣ ክፍል 4 ይላል። ክፍል 4 ከሌዘር መደቦች ሁሉ የመጨረሻውና አደገኛው ነው። አብሯት የመጣ ብርቱካናማ መነጽር ነበር። አንድ ብቻ። ልጁ መነጽሩን ወደ እኔ ዘረጋ፤ እኔም ታላቅ ነኝና ተቀብዬ አደረግሁት። (ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።)

ቁልፏን ስጫን ምንም አልሆነም። ድምፅ የለም፣ ንዝረት የለም፣ ግድግዳው ላይም የሚታይ ነገር የለም። «ተበላሽታለች መሰለኝ» ልለው ስል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ከተቀመጠ ጥቁር የሲዲ ሽፋን ላይ ቀጭን ጢስ ይነሣል። ልጁ ሳቀብኝ። ለካስ የብርቱካናማው መነጽር ሥራ ሰማያዊውን ብርሃን መዋጥ ኖሯል! በክፍሉ ውስጥ ጨረሩን ማየት የማይችለው ሰው ዘንጓን የጨበጠው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መቼም የተከለከለ ነገር ያጓጓል፤ መነጽሩን ከፍ አድርጌ በሥሩ አጮለቅሁ። ከእጄ ተነሥቶ እስከ ግድግዳው የተወጠረ ክር አየሁ፤ በክሩ ላይ አቧራው ብልጭ ድርግም ይላል። ነጥቡ ያረፈበትን ቦታ ሰማያዊ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት፣ ጠርዙ የማይጨበጥ፣ ዓይን ሊያርፍበት ሲሞክር የሚሸሽ ቀለም ነው። የሚቀርበው ቢኖር በልጅነታችን «አትዩ! ዓይናችሁ ይጠፋል!» እየተባልን በየበያጁ ደጃፍ ቆመን የምናየው የብየዳ ብልጭታ ነው። ያኔም አጮልቀናል።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን ግማሽ ሰዓት ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ። ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ የተተከለ ክብሪት ለኮስኩ። ከልደት በዓል የተረፈ ጥቁር ፊኛ ገና ጨረሩ ሲነካው ፈነዳ፤ ነጩ ግን ቁልፏን ተጭኜ ብቆይም ተንጠልጥሎ ቀረ። ጥቁር ነገር ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ነጭ ደግሞ ስለሚመልስ ነው። የፊዚክስ ሕግ ነውና በዚህ ገጽ ልማድ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም፤ አንባቢ ግን ነጻ ነው። ነጩ ፊኛ ላይ በጥቁር ቀለም ነጥብ አደረግንበት፤ እሱም ፈነዳ። ከዚያም የሚቃጠል ነገር ፍለጋ የእኅቴን ምድር ቤት በዓይኔ ማሰስ ያዝኩ። የጫማ ሳጥን፣ አሮጌ የቴፕ ክር፣ የተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ። ሥልጣን ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ ስጽፍ ስንት ዓመት ከረምኩ! ለእኔ 10 ደቂቃ በቃኝ።

ወደ በረንዳው እንውጣ ያልኩትም እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ነገሩ ያማረ ነበር። ጨረሩ ከእጄ ተነሥቶ ከዛፎቹ በላይ ይወጣና ሰማይ ላይ አንድ ቦታ ደርሶ የተቆረጠ ይመስላል። አልተቆረጠም፤ ዓይን ነው የሚሸነፈው። በምዕራብ በኩል የፖቶማክን ወንዝ ተከትለው ወደ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱ አውሮፕላኖች መብራት ይታያል። እጄ ወደዚያ ማዘንበሉን የማስታውሰው ልጁ ክንዴን ቀጨም አድርጎ ሲይዘኝ ነው። «ጋሼ! ተው!»

ሕጉን ነገረኝ። አውሮፕላን ላይ ሌዘር ማነጣጠር ከ2012 ጀምሮ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ በፈረንጆቹ ነው)፤ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250 ሺህ ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ኋላ እንዳየሁት የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ2010 ዓመቱን ሙሉ 2,836 ያህል እንዲህ ያለ ድርጊት መዝግቦ ነበር፤ በ2023 ግን 13,304 ደረሰ። ምድር ላይ እንደ ጣት ጫፍ የነበረች ነጥብ ሰማይ ላይ ተዘርግታ የአብራሪውን መስኮት በሙሉ ትሸፍናለች፤ አብራሪው ደግሞ ያን ጊዜ ለማረፍ እየወረደ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃል። ከሕጉ ቀጥሎ የተናገረውን ግን ከየትም አላነበበውም። «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ጋሼ። ፖሊስ ከመጣ ግን ጥቁር ዘንግ ይዞ ያየው እኔን ነው የሚመስለው» አለኝ። ከእጄ ወስዶ አጠፋት።

ወደ ቤቴ የገባሁት እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። ማንበብ የጀመርኩትም ያን ጊዜ ነው፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጡ አይጠፋኝም።

ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። አንስታይን በ1917 በወረቀት ላይ ያሰፈረውን ሐሳብ ቴዎዶር ሜይማን በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሩቢ ዘንግ ብርሃን አድርጎ አሳየው። ከጥፍር ካነሰች የሴሚኮንዳክተር ቁራጭ ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን ማውጣት ግን ለአሠርት ዓመታት የማይሆን ነገር መስሎ ቆየ። ጃፓናውያኑ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ በአንድ በኩል፣ ኒቺያ በተባለው ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ሹጂ ናካሙራ በሌላ በኩል መንገዱን ከፈቱ፤ ናካሙራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰማያዊውን የሌዘር ዳዮድም ጨመረበት። ሦስቱም በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ናካሙራ ለዚያ ፈጠራ ከኩባንያው ያገኘው ጉርሻ 20,000 የን ነበር፤ 200 ዶላር እንኳ የማይሞላ። ከሰሰ። በ2004 የቶኪዮ ፍርድ ቤት 20 ቢሊዮን የን ይከፈለው አለ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን በ840 ሚሊዮን የን ገደማ ተስማሙ። የላብ ዋጋ ጉዳይ ከዚህ ገጽ እንግዳ ስላልሆነ ነው ያነሣሁት።

ዘንጓ ራሷ የመጣችው በጓሮ በር ነው። በ2010 ካሲዮ በሰማያዊ የሌዘር ዳዮዶች የሚሠሩ የፊልም ማሳያዎችን ለገበያ ሲያቀርብ፣ የነገሩ አፍቃሪዎች ማሳያውን እየፈቱ ዳዮዶቹን ነቅለው በእጅ ባትሪ ውስጥ ይገጥሟቸው ጀመር። በዚያው ዓመት ዊክድ ሌዘርስ የተባለ ሻጭ ባለ 1 ዋቱን ዘንግ በ200 ዶላር ገደማ አወጣ። ሉካስፊልም ወዲያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከለት፤ ደብዳቤው ስለ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ዘንጉ የስታር ዎርስን የብርሃን ሰይፍ ይመስላል የሚል ነበር። እያንዳንዱ የሚጮኸው ስለ ንብረቱ ነው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ግን እንቅልፌን የነሣኝ ሌላ ገጽ ነው። በአሜሪካ በጠቋሚነት እንዲሸጥ የተፈቀደው ሌዘር እስከ 5 ሚሊዋት ነው፤ የልጁ ዘንግ 200 እጥፍ ናት። ዓይናችን ግን ያን ሁሉ አያይም። ለአረንጓዴ ብርሃን ንቁ የሆነው ዓይን ለ445 ናኖ ሜትር ሰማያዊ እጅግ ደካማ ነው፤ በጉልበት እኩል ከሆነ አረንጓዴ ጨረር ጋር ሲነጻጸር 30 ጊዜ ያህል የደበዘዘ ሆኖ ይታየዋል። እዚያ ምድር ቤት «ያን ያህልም አይደለች» ያልኩት ለዚህ ነበር። ደካማ ሌዘር ዓይን ላይ ሲያርፍ በሩብ ሰከንድ ውስጥ እንርገበገባለን፤ ያ ያድነናል። 1 ዋት ግን ሽፋሽፍት እስኪከደን አይጠብቅም፤ የዓይን ሌንስ ራሱ ጨረሩን ሰብስቦ ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን ላይ ያሳርፈዋል። መስታወት፣ ማንኪያ፣ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ መልሶ የሚወረውረው ጨረር እንደ መጀመሪያው አደገኛ ነው። ደግሞም የዓይን ውስጠኛው ሽፋን ሕመም የሚሰማው ነርቭ የለውም። የተቃጠለ ሰው መቃጠሉን ላያውቅ ይችላል።

የሲዲ ሽፋን ያብለጨልጫል። መነጽሩ አንድ ነበር። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ልጁ ራቁት ዓይኑን ይዞ አጠገቤ ቆሞ ይስቅ ነበር።

እስኪነጋ መደወል አልቻልኩም። የመጣብኝ የአባቴ ፊት ነው። 1970 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ። ሰዓት እላፊው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከዘመድ ቤት ስንመለስ የቀበሌው ጥበቃ ከግንብ ሥር ብቅ ብሎ ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪውን አባቴ ፊት ላይ አበራ። አባቴ ጠመንጃ ሳይደገንበት እጁን ወደ ላይ አነሣ። መታወቂያውን ሲያወጣ፣ ስሙን ሲናገር፣ ይቅርታ ሲል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ሰው አላየውም፤ ከዚያ በኋላም ማን እንደነበር አላወቅንም። ሰው ፊት ላይ ባትሪ ማብራት በእኛ አገር ነውር መሆኑን እናቴ ከዚያ በፊት አስተምራኝ ነበር። ነውርነቱ የማይመለከተው ሰው እንዳለ ያወቅሁት ያን ምሽት ነው።

ስለዚህ ብርሃን በሕዝብ እጅ ሲገባ ደስ ከሚላቸው ወገን ነበርኩ። በነሐሴ 2019 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የተማሪዎች ማኅበር መሪ 10 የሌዘር ጠቋሚዎች ገዝቶ ሲመለስ ተያዘ። ፖሊስ «የማጥቂያ መሣሪያ» አላቸው፤ በማግሥቱም ጋዜጠኞች ፊት ጋዜጣ ላይ አነጣጥሮ ጢስ አወጣ። ያን ምሽት ሕዝቡ በከተማው የሕዋ ሙዚየም ፊት ተሰብስቦ ጠቋሚዎቹን ጉልላቱ ላይ አበራ፤ ጋዜጣም ይዞ «እስኪ ይቃጠል!» እያለ አሾፈ። ቪዲዮውን ሳየው ያባቴ ካሳ የተከፈለ መስሎኝ ነበር። አሁንም ከተማሪዎቹ ጋር ነኝ፤ የእነሱ ጠቋሚ የልጁ ዘንግ አይደለችም። ነገር ግን ዓይን ለማሳወር ታስቦ የተሠራን የሌዘር መሣሪያ መንግሥታት ራሳቸው በ1995 ቪየና ላይ ተስማምተው፣ ከ1998 ጀምሮ በጸና ውል ከጦር ሜዳ መከልከላቸውን ያን ሌሊት ሳነብ፣ ቦምብ እየጣሉ የሚዋጉ ሰዎች እንኳ የፈሩትን ነገር እኅቴ ምድር ቤት ውስጥ ስጫወትበት ማምሸቴ ከበደኝ።

እሑድ ጠዋት ለእኅቴ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ዝምታዋን አውቀዋለሁ። ሰኞ ልጁን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምራ፣ በመሣሪያዋ አቀርቅራ አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን ስታይ፣ እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ጠባሳ የለም አለች። ከዚያም «ሌዘሩን የያዘው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ዝም አለ። «እኔ» አልኩ። «መነጽሩንስ ያደረገው?» አለች። ለእሱም መልሱ ያው ነበር።

ሁለተኛ መነጽር በእኔ ወጪ ታዝዟል። እስከዚያው እኅቴ የወሰነችው እንዲህ ነው፤ ዘንጓ እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ ትቀመጣለች፣ የባትሪ ድንጋዩ ልጁ ዘንድ ይሆናል፣ ብርቱካናማው መነጽር ደግሞ ከእሷ ቦርሳ አይወጣም። ይግባኝ አልጠየቅንም። ትናንት ልጁ ደውሎ መነጽሩ ማክሰኞ ይደርሳል አለኝ፤ ፊኛ ይዘህ ና ብሎኛል፣ ነጭም ጥቁርም።