ጥሬውን ላኩልን

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከጦርነት ሸሽተን በሉግዲ በኩል የሱዳንን ድንበር ተሻግረን መንደር 8 ስንደርስ ጀበና የያዘ ሰው አላየሁም። ልጅ ያዘለ፣ ብርድ ልብስ የተሸከመ፣ ፍየሉን የሚጎትት ነበር እንጂ ለቡና ዕቃ ቦታ የነበረው ማን ነው? በአራተኛው ቀን ግን ከጎናችን የሰፈሩ አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው እፍኝ የማይሞላ ጥሬ ቡና አወጡ። በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ቆሉት፣ በድንጋይ ወቀጡት፣ በባዶ የሳልሳ ቆርቆሮ አፈሉት። ሲቆሉ ሽታው የሳባቸው ሰዎች አንድ በአንድ መጥተው ዙሪያውን ተቀመጡ፤ አሥራ አንድ ሆንን። የነበረን ኩባያ ሁለት ነው። በየተራ ጠጣን። እኚህ ሴት ያን በመሰለ ጥድፊያ ከቤት ሲወጡ የተወቀጠውን ትተው ጥሬውን ማንሣታቸውን የዚያን ዕለት ልብ አላልኩትም ነበር።

ስሙን ለማታውቁት፣ መንደር 8 በገዳሪፍ ግዛት ያለ ሰፈር ነው። በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ ግድቦች ሲሠሩ ከቦታቸው ለሚነሡ ሱዳናውያን ከተሠሩትና በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች አንዱ ነው። ሰቲት የምንለው የኛው ተከዜ ነው፤ ወደ ድንበሩ ሲወርድ ስሙን ይቀይራል። ከዚያ ብዙዎቻችን ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች ተወሰድን። እኔ ዛሬ ገዳሪፍ ከተማ በአንዲት የኪራይ ክፍል እኖራለሁ።

ያደግኩበት ሁመራ ሰሊጥና ማሽላ እንጂ ቡና አያበቅልም። ቡና ከሩቅ በጆንያ ስለሚመጣ እናቴ መምረጥን እንደ ሙያ ይዛው ነበር። ነጋዴው “የጅማ ነው፣ የወለጋ ነው፣ የሐረር ነው” ሲላት “ስሙን ተወውና ፍሬውን አሳየኝ” ትለዋለች። እፍኝ ዘግና መዳፏ ላይ ታንከባልለዋለች፤ መጠኑ እኩል መሆኑን፣ የተሰበረ፣ የጠቆረ ወይም ነቀዝ የበሳው እንዳለበት ታያለች። ቀጥሎ ታሸተዋለች፤ ሻጋታ ከሸተታት ዋጋ ቢቀንስላትም አትመለስም። በመጨረሻ አንዷን ፍሬ ትነክሳለች። በደንብ የደረቀ ቡና ጥርስ አያስገባም፣ እርጥበት ያለው ይሰረጎዳል።

ቤት ሲገባ ደግሞ በሰፌድ ይለቀማል። ሳይበስል የተለቀመ ፍሬ በጥሬው ብዙም አይለይም፤ ሲቆላ ግን ሌላው ሲጠቁር እሱ ነጣ ብሎ ይቀራል። ጥቂቱ ብቻ ጀበናውን ሙሉ ገለባ ገለባ ያሰኘዋል። እናቴ ምጣዱን አውርዳ እነዚያን በጣቷ ታወጣቸው ነበር፣ ማቃጠሉንም ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ይህ ቅንጦት አልነበረም። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን እኛው እንጠጣዋለን፤ ምርጡ ግን ወደ ውጭ ገበያ ስለሚሄድ ለቤት የሚቀረው በአብዛኛው ከደረጃ የወረደው ነው። የወረደውን መልሳ የምታነሣው የሰፌዷ ባለቤት ናት።

ገዳሪፍ ውስጥ ብዙ ቡና የሚጠጣው ደጅ ነው። ሲት አሻይ የሚባሉት ሴቶች በዛፍ ጥላ ወይም በሱቅ በረንዳ ከሰላቸውን አቀጣጥለው፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ በርጩማዎች ደርድረው ይቀመጣሉ። ቡና ስታዙ ለእናንተ ብቻ የሆነች ትንሽ ጀበና በትሪ ትመጣለች፤ ከጎኗ ስኳር የተጨመረበት ፊንጃን፣ ማለትም ሲኒ፣ አለ። ቡናው እስኪጠቁር የተቆላ ነው። ፈንደክ በሚሉት ሙቀጫ ሲወቀጥ ዝንጅብል አብሮት ይወቀጣል፣ ሄል ወይም ቀረፋ የምትጨምርም አለች። አተላው እንዳይወርድ በጀበናው አፍ የቴምር ዛፍ ቃጫ ይወተፋል። ጠጥታችሁ፣ ከፍላችሁ ትነሣላችሁ።

እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ነገር አለ። አቦል ከዐረብኛው አወል፣ ማለትም “አንደኛ” ከሚለው፣ በረካም “በረከት” ከሚለው ቃል መጣ ይባላል። ቃላቱ የመጡበት ቋንቋ በሚነገርበት በዚህ ከተማ ግን መንገድ ዳር ዙር የሚቆጥር የለም። አንዲት ጀበና አንዴ ፈልታ ታልቃለች። ለቸኮለ ሰው ደግ ነገር ነው፤ እኔም ወደ ሥራ ስሄድ እወደዋለሁ። ሁመራ ግን የግቢያችን ሴቶች የሚያስጨንቃቸውን በአቦል አይናገሩም ነበር። አቦል ላይ የገበያ ዋጋ ይወራል። ባሏ ደመወዙን የጠጣባት ጎረቤታችን አፏን የምትከፍተው ጀበናው ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ውሃ ሲጨመር ነበር፤ ቡናው ቀጥኖ፣ ልጆች ፈንድሻቸውን ጨርሰው ሲወጡ። አንዴ ኻልቲ (አክስቴ) የምላቸውን ደንበኛዬን ሲት አሻይ በዚያው አተላ ላይ ውሃ እንዲጨምሩልኝ ለመንኳቸው። “ያ ቢቲ (ልጄ)፣ ይሄማ ውሃ ነው!” አሉ። አፈሉልኝ ግን፤ አንዱን ፊንጃን ራሳቸው ይዘው ከጎኔ ተቀመጡና በሱዳኑ ጦርነት ከካርቱም የሸሸች ልጃቸውን ነገር አጫወቱኝ። ሁለት ዓመት ደንበኛቸው ሆኜ ልጅ እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

ዝንጅብሉን በተመለከተ መጀመሪያ ተሳስቻለሁ። የመጥፎ ቡና መሸፈኛ ይመስለኝ ነበር። በደንብ ለቅሜ በቆላሁት ቡና ላይ ስሞክረው ግን ጉሮሮን ያሞቃል፣ የስኳሩን ጣፋጭነት ይሰብራል፣ የቡናውን ጣዕም ግን አይደፍነውም። እኛስ ጤና አዳም ነክረን እንጠጣ የለ? ጨው ወይም ቅቤ የሚጨምርበት አገርስ ስንት ነው! የማልስማማው እስኪከስል በመቁላቱ ብቻ ነው። ከከሰለ ወዲያ የጅማውም የሐረሩም አንድ ነው፤ ነጋዴው የፈለገውን ስም ቢሰጠው ማንም አይለየውም። እኔ መንጣጣቱ ጋብ ሲል፣ ዘይቱ ፊቱ ላይ ብቅ ሳይል አወርደዋለሁ። ከቡናው ጋር የሚጨሰው ዕጣን ደግሞ እዚህም አልጠፋም፤ በሁመራና በመተማ ቆላ የምናውቀው የዕጣን ዛፍ ሱዳንም ይበቅላል።

ፍሬው ራሱ እንግዳ አይደለም። የገበያው ሰው “ቡን ሀበሺ” ይለዋል። ድሮ የዘጌ ቡና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር፤ የኢሉባቦርና የወለጋው ደግሞ ከጋምቤላ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። አሁን መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ በተለይ የሱዳኑ ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከጀመረ ወዲህ፣ እኛ የምንተማመነው ከዘመድ በሰው እጅ በሚደርሰን ነው።

እዚህ ላይ ነው ልመናዬ። ባለፈው ዓመት አንዲት ዘመዴ ሁለት ኪሎ ቡና ራሷ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በአንድ ማዳበሪያ አድርጋ ላከችልኝ። ድካሟ ገብቶኛል፣ ፍቅሯም። ከወር በላይ መንገድ ላይ ቆይቶ ሲደርስ ግን ስፈታው የሸተተኝ በርበሬው ነበር። ጥሬ ቡና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዓመት ያህል ይቆያል። የተቆላው በሳምንታት፣ የተፈጨው በቀናት መዓዛው ይሄዳል፤ የገዳሪፍ ሙቀት ደግሞ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከሁሉ በላይ ጎንደር የተቆላ ቡና የሚጠራው የጎንደርን ጎረቤት ነው። እኔ እዚህ ስቆላ ከግድግዳው ማዶ ያለችው የከሰላዋ ልጅ “ቡን?” ብላ ትጣራለች፤ ፊንጃኗንም ይዛ ትመጣለች።

ስለዚህ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኙ ጥሬውን ላኩልን። ለብቻው በጨርቅ ቋጥሩት፣ ከበርበሬውም አርቁት። ባትለቅሙትም ግድ የለም፤ ለቀማውን እኛ እንጨርሰዋለን።