የጁቤ፦ በሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ በብስክሌት

ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንጦጦ ፓርክ ከወጣችሁ በባሕር ዛፉ መካከል የሚያልፈውን የብስክሌት መንገድ ሳታዩት አትቀሩም። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙዎቻችን፣ እኔም ጭምር፣ የተራራ ብስክሌት የለመድነው እዚያ ነው። መንገዱ የተደለደለ ነው፤ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል፤ ሲደክማችሁ ማኪያቶ አለ። የጁቤ ይህ ሁሉ የለም። ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ አንድም መንገድ አላየሁም። ሆኖም እስካሁን ከነዳሁባቸው ሁሉ ለብስክሌት የተመቸኝ መንገድ እዚያ ያለው ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የጁቤ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁና በደጀን በኩል ወጥታችሁ ደብረ ማርቆስ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ። ብስክሌቱ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫናል፤ የፊት ጎማውን አውልቃችሁ፣ ማርሹን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ገመዱን ራሳችሁ እሰሩት። ለረዳቱ አትተዉለት።

ከተማዋ የተቀመጠችው የጎጃም ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ ማዘንበል በሚጀምርበት አካባቢ ነው። ከላይ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። ማሳውን ወንዞች ይሰነጣጥቁታል፤ በየሸለቆው ዳር ባሕር ዛፍ፣ በየኮረብታው አናት የቤተ ክርስቲያን ደን ይታያል። ይህን ሁሉ የሚያገናኘው ቀጭን የእግር መንገድ ነው። እንግዲህ ብስክሌታችሁን የምትነዱት በዚህ ላይ ነው።

መንገዱ የዛሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የባሶ ገበያ ከጎጃም ገበያዎች ሁሉ የገነነ ነበር። የሲራራ ነጋዴዎች ከጊቤ አገሮች ዓባይን ተሻግረው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ያመጡ ነበር፤ አሞሌ ጨው ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። በዚያው መንገድ ለባርነት የተሸጡ ሰዎችም፣ ሕፃናትም ሳይቀሩ፣ ተነድተዋል። ልጆቻችሁ «ይህን መንገድ ማን ሠራው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ስለ ቡናውና ስለ ወርቁ ብቻ ነግራችሁ አትለፉ። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን መስማት ይችላል፤ በመንገዱ ላይ ቆሞ ሲሰማው ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ይገባዋል።

ወደ ብስክሌቱ ልመለስ። ጭነት የተሸከመ አህያ ቀጥ ያለ አቀበት አይወድም። የኮረብታውን ጎን እየታከከ፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። በብዙ ትውልድ ኮቴ የተቀረጸው መንገድ ስለዚህ ልኩን ያገኘ ነው፤ ያደክማል እንጂ አያስጥልም። ዛሬ የተራራ ብስክሌት መንገድ የሚቀይሱ ባለሙያዎችም የሚከተሉት ይህንኑ ነው፦ መንገዱን በተዳፋቱ ላይ አግድም መውሰድ፣ አለዚያ ጎርፍ ይበላዋል። አህያዋ ቀድማቸዋለች።

ስፖርቱ ራሱ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ጥቂት ወጣቶች በከባድ አሮጌ ብስክሌት የተራራ ቁልቁለት ይወዳደሩ ጀመር። ፍሬናቸው እየጋለ ግሪሱን ስለሚያቃጥለው አንዴ ከወረዱ በኋላ እንደገና ግሪስ ይሞሉት ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ፣ ጨዋታው ሜዳሊያ የሚሰጥበት ሆነ። የዛሬው ፍሬን እንደዚያ አያስቸግርም፤ ቢሆንም ወደ ዓባይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መቆየት አደጋ አለው። ያዝ ለቀቅ አድርጉት። የፊቱን ብቻ አትያዙ። ከመቀመጫው ተነስታችሁ ክብደታችሁን ወደ ኋላ ጣሉ።

የሚያንሸራትተው ጭንጫው ብቻ አይደለም። የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠልና ፍሬ ከጎማ ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለላል። ክረምት ላይ ደግሞ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ጎማውን ጠቅልሎ ብስክሌቱን ያቆመዋል፤ ያኔ ብስክሌቱን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ምረጡ። እኔ የሄድኩት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ተጀምሮ ነበር።

ስለ ደኑ አንድ ነገር ልበል። በዚህ አገር ስትነዱ ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚታያችሁ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ጽድና ወይራ፣ ብሳናና ዋንዛ ያለበት የጥንቱ ደን የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። «እመጓ»ን ካነበባችሁ ደራሲውን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ታውቁታላችሁ፤ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፤ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይረግጥ በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራም ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ደክሟል። ከብት የተከለከለበት ቦታ ብስክሌት አይገባም። ጥላው ይጠራችኋል፣ መንገዱም ወደ ውስጥ የሚገባ ይመስላል፤ ቅጥሩ ጋ ስትደርሱ ግን ውረዱ። ብስክሌቱን ውጭ አቁማችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ በእግራችሁ ግቡ። ለልጆቹ ከሁሉ የሚበልጠው እረፍት ይህ ነው፦ ከፀሐዩ ወደዚያ ጥላ መግባት።

በመንገዱ ላይ ቅድሚያ የእናንተ አይደለም። በገበያ ቀን አህያው፣ ሸክም ያዘለችው እናት፣ ዶሮ ያንጠለጠለው ልጅ ሁሉ ይቀድማሉ። ጭነት ስታዩ ውረዱና በተራራው በኩል ተጠጉ፤ በገደሉ በኩል ከቆማችሁ ጆንያው ገፍቶ ይጥላችኋል። ከአጎቴ ልጅ ጋር እንዲህ ቆመን ሳለ አንድ አዛውንት ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አዩና፣

«ልጄ፣ ይህ ነገር ስንት ቁና ይጭናል?» አሉኝ።

«እኔን ብቻ ነው አባቴ» አልኳቸው።

«እንግዲያማ አህያው ይሻላል» ብለው አለፉ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ስለ የጁቤ ያወራሁት ጓደኛዬ ሁሉ «ስም ስጡት፣ ታፔላ ትከሉ፣ አርማ ሥሩለት» ይለኛል። እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ «ያልተነካ ምድር» የሚል ጽሑፍ ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም። ነገር ግን ያልተነካ አይደለም፤ በየቀኑ ይረገጣል፣ ይታረሳል፣ ይሻገሩበታል። ከታፔላ በፊት የሚያስፈልገው መንገዱን ለሚያውቅ የአካባቢው ወጣት የሚከፈል የቀን አበል ነው። ሂሳቡን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ እንደ ጉርሻ ሳይሆን እንደ ደመወዝ ክፈሉት።

ይህን የምጽፈው ነገ ጠዋት ተነሱ ለማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የጎጃምን ጉዞ አስቸጋሪ አድርጎታል። አስጎብኚ ድርጅት ከመጠየቃችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ዘመድ ደውላችሁ ጠይቁ። «አሁን ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ፤ እስከዚያ እንጦጦ ላይ ልጆቹን ቁልቁለት አስተምሯቸው።

መንገዱ ሲከፈት ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ፣ ሄልሜት፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና የእጅ ፓምፕ ያዙ። ከአሥር ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ደጋው ላይ፣ በማሳዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ አቆዩ። ወደ ዓባይ ቆላ ከቤተሰብ ጋር እስከ ታች አትውረዱ፤ ከደጋው ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱ ኃይለኛ ነው፣ ወባም አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ ፊታችሁን ወደ ላይ መልሱ። በአንድ ሰዓት የወረዳችሁት ሲወጣ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን ሰዓት ብስክሌቱን እየገፋችሁ ነው የምትሄዱት።